የአሜሪካው የወረዳ ዳኛ

ጋሽ ወልደሚካኤል ሺሺንዳ ላይ ማረፋቸውን የነገረችኝ በርበሬ የምትሸጥልኝ ሴት ናት። እየሰፈረች፣ ቀና ሳትል፣ «ያ አሜሪካ የሚሏቸው ሰውዬ ሞቱ አሉ» አለችኝ። የሥራ ዘመናቸውን ሙሉ ቦንጋ ተቀምጠው የእርሻ ዕቅድ ሲያወጡ ኖረው፣ አንድ ቀን እንኳ አውሮፕላን ሳይሳፈሩ፣ «አሜሪካ» እንደተባሉ ሞቱ።

«ነፍስ ይማር» ብዬ በርበሬዬን ተቀበልኩ። አላለቀስኩም። ቤቴ እስክደርስ ድረስ ግን መንገድ ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ስለ እሳቸው ሊያወራኝ ፈለገ። እንዴት ደፋር እንደነበሩ፣ እንዴት ማንንም እንደማይፈሩ። ይህን የሚነግሩኝ ደግሞ ያኔ ወሬው ሲከር ሻያቸውን ሳይጨርሱ ከመሥሪያ ቤታችን ሻይ ክበብ ሹልክ ይሉ የነበሩት ናቸው። ዛሬ ሁሉም ያን ጊዜ ደፋር ነበር። እንዲህ ከሆነ እኔም የማውቀውን ልናገር። እኔ ጋሽ ወልደሚካኤልን አልወዳቸውም ነበር። እሳቸውም ያውቁ ነበር።

የሠራነው አንድ መሥሪያ ቤት ነው፤ እሳቸው ዕቅድ ክፍል፣ እኔ ግዥ። ቀጭን፣ ረጅም፣ የሸሚዛቸውን የአንገት ቁልፍ በሙቀትም የማይፈቱ ሰው ነበሩ። ከጽዳት ሠራተኛ እስከ ኃላፊ ሁሉንም አንቱ ይላሉ። አዲስ የመጣ ሰው ይህን አይቶ «እንዴት ያለ ጨዋ!» ይላል። እኔም መጀመሪያ ብዬ ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ አንቱታቸው መውጊያ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው፣ አጥፈው፣ «እርስዎ እንዳሉት…» ብለው ከጀመሩ ያ ሰው አለቀለት።

ማታ ከውጭ የሚተላለፈውን የአማርኛ ሬዲዮ ይሰማሉ። በማግስቱ በሻይ ሰዓት ክበብ ስንገባ፣ «ጋሼ፣ ምን አዲስ ነገር አለ?» ይሏቸዋል።

«ስለ አገሬ አላውቅም። የማውቀው አሜሪካን ነው» ይላሉ።

ይህ መልስ እኛ ዘንድ ምን ማለት እንደነበር ያን ዘመን ያልኖረ ላይገባው ይችላል። አንድ ለአምስት ተደራጅተን፣ የማን ጆሮ ወዴት እንደሚያደርስ ሳናውቅ ነበር ሻይ የምንጠጣው። ስለ መንግሥት ሥልጣን አፉን የሚከፍት አልነበረም። አሜሪካ ግን ሩቅ ናት። የአሜሪካን ፕሬዚዳንት ማማት ማንንም አያስጠይቅም። ስለዚህ «ሰውዬው ምክር ቤቱን ዘሎ ፈረመ» ሲባል ሁሉም ሻዩን እያማሰለ የልቡን ያስባል።

አንድ ነገር ግን ልመስክርላቸው። ሌላው ሰው አሜሪካን እንደ መጋረጃ ነበር የሚጠቀምባት፤ እሳቸው የእውነት ይጨነቁላት ነበር። የበፊቱን ፕሬዚዳንት የእኛው ዘር ነው ብለን ሁላችንም እንወደው ነበር። ምክር ቤቱ አላሳልፍ ያለውን ጉዳይ በገዛ ብዕሩ ፈርሞ፣ ወረቀት ለሌላቸው ስደተኞች ፈቃድ የሰጠ ጊዜ ክበቡ በደስታ ተንጫጫ። «ጎሽ! ወንድ!» ተባለ። ጋሽ ወልደሚካኤል ብቻ ፊታቸው አልተፈታም።

«ጋሼ፣ ለደሃ ነው እኮ የፈረመው!» አለቻቸው ሻይ የምታቀርብልን ትዕግሥት። እሷ በየዓመቱ ዲቪ የምትሞላ ልጅ ናት፤ የአሜሪካ ነገር የቤቷ ነገር ነበር።

«መልካም ነገር ነው ያደረጉት፣ እመቤቴ። በሩን ሲከፍቱት ግን ነገ የሚገባበትን ሰው አላዩትም» አሏት። ከዚያ ወደ ሁላችንም ዞረው፣ «የወደዳችሁት ሰው ሲፈርም ካጨበጨባችሁ፣ የጠላችሁት የፈረመ ጊዜ በምን አፋችሁ ልትናገሩ ነው?» አሉ።

ያን ቀን ሁሉም ተቀየማቸው። እኔ በሆዴ «ይበላቸው» አልኩ።

ነገሩ እንዳሉት ሆነ። አዲሱ ፕሬዚዳንት ወንበሩ ሳይሞቅ ፈረመ፤ የእነዚህና የእነዚያ አገሮች ሰዎች እንዳይገቡ አለ። አገራችን በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር የነበረችበት ጊዜ ነው። ክበቡ ለሁለት ተከፈለ። ኃላፊያችን አቶ ምትኩ፣ ከሆሳዕና ተመድበው የመጡ፣ የመሥሪያ ቤቱ የፓርቲ ሰብሳቢም የነበሩ ሰው፣ «መሪ ማለት ይሄ ነው። በክርክር የለማ አገር የለም» አሉ። እኔም ዝም ማለት ሲገባኝ ገባሁበት።

«ምን አጠፋ? ቤቱ ነው። ለፈለገው ይከፍታል፣ ላልፈለገው ይዘጋል» አልኩ።

ጋሽ ወልደሚካኤል መነጽራቸውን አወለቁ። «እርስዎ እንዳሉት ቤት ነው፣ እትዬ ውብነሽ። ሰውዬው ግን ተከራይ ናቸው። የአራት ዓመት ተከራይ።»

ትዕግሥት እንኳ ትሪዋን አስቀምጣ ሳቀች። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የኃላፊው ወገን ተባልኩ። ያልተከራከርኩበትን ወገን አሸከሙኝ። እኔ ያወራሁት ስለ አሜሪካ በር ነበር።

ጥቂት ሰንብቶ ነው ያ ወሬ የመጣው። ያን ጠዋት ጋሽ ወልደሚካኤል ከሁላችን ቀድመው ክበብ ተቀምጠው ነበር። ሳንጠይቃቸው ጀመሩ።

«አንድ የወረዳ ዳኛ» አሉ ጣታቸውን አንሥተው፣ «አንድ የወረዳ ዳኛ የፕሬዚዳንቱን ትእዛዝ አገደው። እግድ ጣለበት!»

ሬዲዮው የአሜሪካን ፍርድ ቤት ስም ሲተረጉም «የፌዴራል ወረዳ ዳኛ» ብሎ ኖሯል። እኛ የወረዳ ዳኛ የምናውቀው ሌላ ነው። ለችሎት የሚለብሰውን ካባ በፌስታል ጠቅልሎ፣ በባጃጅ ኋላ ከሦስት ሰው ጋር ተጣቦ የሚመጣ ልጅ ነው።

«የወረዳ?» አለች ትዕግሥት። «እንደ ዋጫ ወረዳው ዳኛ?»

«እንደ ዋጫው።»

«እና ፕሬዚዳንቱን?»

«ፕሬዚዳንቱን።»

«ወይ ጉድ! ዳኛውን ምን አደረጉት?»

«ምንም። ማታ ቤቱ ገባ፣ ራቱን በላ።»

አቶ ምትኩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የትርጉም ስህተት ነው። የእነሱ ወረዳ እንደ እኛ ክልል ነው። ትልቅ ነው» አሉ።

«ሊሆን ይችላል» አሉ ጋሽ ወልደሚካኤል። «ዳኛው ግን አንድ ሰው ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እትዬ ውብነሽ፣ ወንድምዎ የወረዳ ዳኛ ናቸው። እስቲ ይጠይቁልን፤ እንዲህ ያለ ሥልጣን እኛም ጋ አለ ወይ?»

ታናሽ ወንድሜ ታምራት እዚሁ ቦንጋ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበር። እናታችን ስትሞት በእጄ ያደገ፣ ሕግ እስኪማር ከአፌ እየነጠቅኩ ያጎረስኩት ልጅ ነው። ሰው ሁሉ ፈገግ ብሎ ሲያየኝ አንድ ነገር ከአፌ አመለጠኝ።

«ወንድሜ ከሕግ በቀር የሚፈራው የለም» አልኩ።

ጋሽ ወልደሚካኤል አልሳቁም። «እግዜር ያቆይልን» አሉ፤ መነጽራቸውንም መልሰው አደረጉ። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ሰው እየሳቀ የሰማውን ይረሳል፤ ይህን ግን ሁሉም በጸጥታ ሰማው።

ከሳምንት በኋላ «የወረዳ ዳኛ» የከተማው ቀልድ ሆነ። ትራፊክ ያስቆመው ባለ ባጃጅ፣ «የወረዳ ዳኛ ጥሩልኝ!» ይላል። ገበያ ውስጥ ሴቶች በሚዛን ሲጣሉ፣ «እግድ ይጣልብሽ!» ይባባላሉ። ታምራትም ሰማ። «አንቺ ነሽ ይህን ያመጣሽው?» አለኝ። «ጋሽ ወልደሚካኤል ናቸው» አልኩት።

ቀልዱ ከሚደርስበት ደረሰና ግምገማ ተጠራ። ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ ነበርኩ። አቶ ምትኩ ተነሥተው፣ «ጋሽ ወልደሚካኤል በሥራ ሰዓት የመንግሥትን ሥልጣን የሚያንኳስስ ወሬ ያሰራጫሉ» አሉ።

«የየትኛውን መንግሥት?» አሉ ጋሽ ወልደሚካኤል።

«ያውቁታል።»

«እኔ ያወራሁት ስለ አሜሪካ ነው።»

«ስለ አሜሪካ ሲያወሩ ስለ አሜሪካ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል።»

«ታዲያ ስለ ማን ነው?»

እኔ እስክሪብቶዬን ይዤ የምጽፈው አጣሁ። «ስለ ማን ብዬ ልያዘው?» ብዬ ጠየቅሁ። ማሾፌ አልነበረም፤ ሥራዬ ነው። ከኋላ አንዱ አፉን በእጁ ሲያፍን ሰማሁ። አቶ ምትኩ በዓይናቸው በሉኝ። የኃላፊው ወገን ያሉኝ ሰዎች ይህን ዛሬ አያነሡልኝም።

በመጨረሻ፣ «የኪራይ ሰብሳቢነት አመለካከት አለብዎት። ሂሱን ይቀበላሉ?» ተባሉ።

«ኪራይ ሰብሳቢ?» አሉ ጋሽ ወልደሚካኤል በእውነት የተገረሙ መስለው። «እኔኮ ኪራይ ከፋይ ነኝ፣ ጌታዬ። የቀበሌ ቤት ነው ያለሁት።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ወር ሳይሞላ የቀበሌው ደብዳቤ በራቸው ላይ ተለጠፈ፤ ቤቱ ለመንግሥት ሥራ ስለሚፈለግ ይልቀቁ ይላል።

እዚህ ላይ ስለ ቤቱ መናገር አለብኝ። ከመናኸሪያው በላይ ያለች ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ናት። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ደም ግፊት ጥሏቸው ግማሽ ጎናቸው አይታዘዝም። አልጋቸው መስኮቱ ሥር ነው። ጠዋት ወደ ሥራ የሚወጣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በመስኮቱ «እንዴት አደሩ?» ሳይላቸው አያልፍም፤ አንዷ አጥሚት፣ አንዷ እንጨት ታቀብላቸዋለች። ጋሽ ወልደሚካኤል ሥራ ውለው የሚገቡት ይህን ሁሉ ሰው ተማምነው ነው። ከዚያ ቤት ከወጡ መግቢያቸው ሺሺንዳ የአባታቸው ቤት ነው፤ ጣራው የጎበጠ፣ ጎረቤቱ የራቀ። አንዲት የታመመች ሴት ከመስኮቷ መነሣቷ ነበር ነገሩ።

ጋሽ ወልደሚካኤል ቀበሌውን ከሰሱ። ሁከት ይወገድልኝ፣ ክርክሩ እስኪያልቅም ቤቱ እንዳይወሰድ እግድ ይሰጠኝ አሉ። መዝገቡ ለማን እንደተመራ ከተማው ከእኔ በፊት ሰማ። ለታምራት ነበር።

ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ፣ «እትዬ ውብነሽ፣ የወረዳ ዳኛችን ምን ይሉ ይሆን?» ይለኝ ጀመር። እኔ ጋሽ ወልደሚካኤል እስኪመጡ እጠብቅ ነበር። መጥተው «ለወንድምዎ ይንገሩልኝ» እንዲሉኝ። መልሴንም አዘጋጅቼ ነበር፤ ወንድሜ አማላጅ አያስፈልገውም ልላቸው። አልመጡም። ኮሪደር ላይ ስንገናኝ ባርኔጣቸውን ብድግ አድርገው ያልፋሉ። አለመምጣታቸው ራሱ አናደደኝ።

እሁድ ታምራት ምሳ ሊበላ መጣ። «ምን ልታደርግ ነው?» አልኩት።

«እህቴ፣ የችሎት ነገር ቤት ውስጥ አይወራም» አለኝ።

ኮራሁበት። ምግቡን ግን አልነካውም። ቆይቶ፣ «ተደውሎልኛል» አለ።

«ማን?»

«ማን ብዬ ልንገርሽ?»

«የአሜሪካው ዳኛም እኮ ስልክ አለው» አልኩት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። የጠላኋቸውን ሰውዬ ቃል ነበር የምናገረው። «ስልክ ይኖረዋል፤ አልፈራም ብሎ የነገረን የለም። ፈርቶም ይሆናል ያገደው።»

ታምራት ቀና ብሎ አየኝ። «ውቤ፣ ያ አሜሪካ ነው» አለኝ።

በቀጠሮው ቀን ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ ሰው ሁሉ የራሱን ተርጉሟል። እኔ የሄድኩት ወንድሜ ጋሽ ወልደሚካኤልን ሲያሳፍርልኝ ለማየት ነው። እግዱን ሰጥቶ፣ «እነሆ የእኛም አለ» ብሎ ሲያሳፍርልኝ። በሕይወቴ አንድም ሰው እንደዚያ አሸንፎ እንዲወጣ ተመኝቼ አላውቅም።

የቦንጋ ዝናብ ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ያወርደው ነበር። ችሎቱ ኮርኒስ የሌለው ጠባብ ክፍል ነው፤ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ውኃ ጆሮ ያደነቁራል። ታምራት ካባውን ለብሶ ገባ፤ ተነሥተን ተቀመጥን። ጋሽ ወልደሚካኤል ፊት ለፊቱ ቆሙ። ታምራት ከወረቀቱ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ።

ጋሽ ወልደሚካኤል መዳፋቸውን ጆሯቸው ሥር አደረጉ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ አልሰማሁም።»

ታምራት ደገመው። ዝናቡ ባሰበት። እኔ የከንፈሩን እንቅስቃሴ አይቼ አውቄዋለሁ፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲዋሽ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውስጥ ይገባል።

«ይቅርታ ክቡር ፍርድ ቤት። ዝናቡ ነው። አልሰማሁም።»

ያኔ ወንድሜ ቀና አለ፤ ጮኸ። «የእግድ አቤቱታው ተቀባይነት አላገኘም!» ክፍሉ ውስጥ ያለው፣ ደጅ ጥላ ሥር የቆመው፣ ሁሉም ሰማ። የመሳደብ ያህል ነበር ድምፁ። ከዚያ ያን የሚያህል ጩኸት ያወጣው እሱ እንዳልሆነ ሁሉ ዙሪያውን አየ፤ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ጋሽ ወልደሚካኤል እጅ ነሥተው ወጡ። በእርግጥ አልሰሙም ነበር? ወይስ የፈረደውን ፍርድ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ እንዲለው ፈልገው ነው? ይህን ጥያቄ ለዓመታት አመላልሼዋለሁ። ሲፈልጉ በዚያ ሁሉ ዝናብ ከሬዲዮ ሹክሹክታ የሚለቅሙ ጆሮዎች ነበሯቸው።

ደጅ፣ ጣራው ጥግ ሥር፣ ዝናብ ያቆመው ሰው ተደርድሯል። አንድ ባለ ባጃጅ፣ እኔን እያየ፣ «ይኸው! የወረዳ ዳኛችን!» አለ። ሰው ሳቀ።

«ዝም በል» አሉት ጋሽ ወልደሚካኤል። አንተ ሲሉ ያን ቀን ነው የሰማኋቸው። «እዚያ ያ ዳኛ ሲያግድ ከኋላው አገር ሙሉ ሰው ቆሞለታል፤ ይህ ልጅ ብቻውን ነው የተቀመጠው። ማናችን ከኋላው ቆምን? አንተ ነህ? እኔ ነኝ? እኔ ቀለድኩበት።»

ከዚያ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ወደ እኔ መጡ። «እትዬ ውብነሽ፣ ዝናቡ የሚያባራ አይመስልም። ልሸኝዎት?»

«አያስፈልገኝም» ብዬ በዝናቡ ሄድኩ። ቢሰድቡኝ ኖሮ መልስ ነበረኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ለወንድሜ ሲያዝኑለት ግን በምን ልመልስ? እስከ ዛሬ ሰው ታምራትን ሲያሞግስልኝ ያን የጣራ ጥግ ነው የማየው።

እትዬ አስካለን በፒክአፕ ኋላ፣ ከነፍራሻቸው፣ በላስቲክ ሸፍነው ወሰዷቸው። ቤቱ ለመንግሥት ሥራ ተፈልጎ ተዘግቶ ከረመ። ታምራት በሁለተኛው ዓመት ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አደገ። ጋሽ ወልደሚካኤል ከሺሺንዳ በመጣ ሰው፣ «ወንድምዎ ከወረዳ ወጡ አሉ፤ እንኳን ደስ ያለዎት» ብለው ላኩብኝ። ሲያላግጡ ይሁን ከልባቸው ለማወቅ፣ ሰውዬውን የፊታቸውን ሁኔታ ጠይቄው ነበር። «እንደ ሁልጊዜው ናቸው» አለኝ። እንደ ሁልጊዜው!

መሞታቸውን ከሰማሁ በኋላ ታምራትን ለቅሶ አብረን እንድንሄድ ጠየቅሁት። «ችሎት አለኝ» አለ። ቅዳሜ ነበር። ብቻዬን በሚኒባስ ሄድኩ።

ሺሺንዳ ድንኳኑ ከቤቱ በር ጋር ተያይዞ ተተክሏል። እትዬ አስካለ ትራስ ተደግፈው በሩ ላይ ተቀምጠዋል። ድንኳኑ ሙሉ ስለነበር ጥግ ቆምኩ፤ ሰው ሳያውቀኝ እግዜር ያጽናችሁ ብዬ ልመለስ። እሳቸው ግን አዩኝ። በደኅና እጃቸው ጠሩኝ።

«ወንድምሽ ደኅና ነው?» አሉኝ።

«ደኅና ነው» አልኩ።

«እግዜር ይመስገን። ወልደሚካኤል ሁልጊዜ ይጠይቅ ነበር፤ 'ያ ልጅ እንዴት ሆነ?' ይል ነበር።» ከዚያ ከአጠገባቸው ካሉት ሴቶች ጋር ሲነጋገሩበት የነበረውን የካፋ ቋንቋ፣ ካፊኖኖን፣ ትተው፣ ድንኳኑ ሁሉ እንዲሰማ፣ በአማርኛ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «የዳኛው እህት ናት። ቦታ ልቀቁላት» አሉ።

ፊት ያሉት ሰዎች ተነሥተው ለቀቁልኝ። ሄጄ ተቀመጥኩ።